ተኝቼ ሳለሁ የተስማሙበት መጠን፦ ከእጃጂ አምቦ ደርሶ መልስ

ከእጃጂ የተነሣሁት ጡቴ ውስጥ ያለውን አሮጌ ሲሊኮን ላስቀይር ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። መንገዱን ሙሉ «ምንሽን አሞሽ ነው?» ላለኝ ሰው ሁሉ «ለምርመራ ነው» እያልኩ አፌ ስለዛለ፣ ቢያንስ ወረቀት ላይ መሸፋፈን አልፈልግም። የሚያፍር አንባቢ ገጹን ይለፈው፤ እኔ አላፍርም።

ሲሊኮኑ የገባልኝ ዐረብ አገር፣ የሴቶች ውበት ሳሎን ውስጥ ተቀጥሬ በምሠራበት ዘመን ነው። ፈልጌ አስገባሁት፤ በላቤ ባገኘሁት ገንዘብ ነው፤ ንስሐ የምገባበት ጉዳይ አይደለም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መጠኑን የመረጠችው አሠሪዬ ናት። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ሳጥኖች ደረደረ፤ እሷ ትልቁን በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ «ይሄ ያምርባታል» አለች፤ አለቀ። እኔ ያኔ የተጻፈ ነገር ማንበብ አልችልም ነበር። አገሬ ገብቼ፣ የማታ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተምሬ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አሁን የምሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከተቀጠርኩ በኋላ ነው ምን እንደተሸከምኩ የገባኝ። ሦስት መቶ ሰባ አምስት ሲሲ፣ በእያንዳንዱ ጎን። በኔ ትከሻ ላይ።

ባለፈው ዓመት የግራው እየጠነከረ መጣ። አምቦ ሄጄ በአልትራሳውንድ ሲታይ ተቀዷል አሉኝ። አምቦ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ከአዲስ አበባ በየወሩ እየመጣ የሚሠራ የቀዶ ጥገና ሐኪም አለ። አብዛኛው ሥራው እሳት ያቃጠላቸውን ሰዎች ጠባሳ መፍታት ነው። እጁ የተመሰገነ ነው፤ ይህን አልክድም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ደረቴን በማስመሪያ ለክቼ፣ ያነበብኩትን አንብቤ ሄድኩ። ናሙናዎቹን በእጄ እያነሣሁ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ ሁለት መቶ ሃያ አምስቱን መረጥኩ።

«ትንሽ ነው» አለኝ። «ቆዳሽ በትልቁ ተለጥጧል። ትንሽ ከገባ ጡቱ ይወድቃል። እኔ ሦስት መቶ ሃያ አምስት ነው የምልሽ።»

«ይውደቅ፣ ዶክተር። ዕድሜዬም እየሄደ ነው፤ አብሮኝ ይውረድ።»

ሳቀ። «እሺ፣ እንዳልሽው» አለና አዘዘልኝ።

ስለዚህ የጉዞዬ ዓላማ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ነበር። እርግጠኛ ከመሆኔ የተነሣ ሰማያዊ ቀሚሴን ከመነሣቴ በፊት ለልብስ ሰፊው ለኦቦ ገመቹ ወስጄ ደረቱን አስጠበብኩት። ኦቦ ገመቹ የመርፌ ሣጥኑን እያራገፈ «ሰውነትሽ ሳይቀንስ ልብሱን የምትቀንሺ ሴት ዛሬ አየሁ» አለኝ። ስፌቱን ግን በነገርኩት ልክ ሠራው። አንድ ሰው እንኳ በነገርኩት ልክ ሠርቷል።

ጌዶ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደዋውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከእጃጂ ጌዶ አቀበት ነው። የበቆሎው ማሳ እያነሰ፣ ገብሱና ባቄላው እየበዛ፣ ቅዝቃዜው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ይሄዳል። ሾፌሩ ከታሪፍ በላይ አስከፈለን፤ ለምን ስለው «ነዳጅ» አለኝ፤ በዚህ አገር ከዚህ ቃል በኋላ ክርክር የለም።

ጌዶ የወረድኩት ታላቅ ወንድሜን ቶሌራን ለመውሰድ ነው። ክሊኒኩ አስታማሚ ይዘሽ ነይ ብሎኛል፤ ደም የሚሰጥ፣ የሚፈርም፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ የሚቀመጥ የሥጋ ዘመድ። ጉደር ያለች ጓደኛዬ ወርቄ እኔ ልምጣ ብላ ነበር፤ ቶሌራ ሲሰማ ግን «ወንድም ሞቷል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ወንድም አልሞተም። ከብት ነጋዴ ነው፤ ሰፊ ደረት፣ ሰፊ ድምፅ፣ ለኔ የሚሳሳ። ስለበሽታዬ ሲያወራ ግን የነገሩን ስም አፉ ላይ ማምጣት አይችልም፤ «ዕቃው» ነው የሚለው።

የገበያ ቀን ስለነበር ከበሬዎቹ መሃል አገኘሁት። አንድ ቀይ በሬ ሊሸጥ ከገዢው ጋር ተያይዟል። መሃላቸው ኦቦ ዳባ የሚባል ደላላ ቆሟል። ደላላው የቶሌራን ቀኝ እጅ በአንድ እጁ፣ የገዢውን በሌላ እጁ ይዞ፣ ሁለቱን መዳፎች በጉልበት እያገናኘ ይጮሃል፤

«አንተ ውረድ! አንተ ውጣ! መሃል ላይ ግቡ! ወንድማማች አይደላችሁም ወይ?»

ገዢው እጁን ይነጥቃል፤ ዳባ መልሶ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ከጠሩት ዋጋ መሃል ላይ መዳፎቹ ጧ ብለው ተጋጠሙ፤ በሬው ተሸጠ። ማንም የፈለገውን አላገኘም፤ ሁሉም ግን ሳቀ። ጌዶ ላይ ከብት የሚሸጠው እንደዚህ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁትን አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

«ዘኔ፣ አካም ቡልቴ?» አለኝ ቶሌራ፣ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። «ዕቃው እንዴት ነው?»

«ሕመም አለው፣ ጋሼ። ዛሬ አምቦ አድረን ነገ ይወጣል። በምትኩ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ይገባል። ይህን ቁጥር ያዝልኝ።»

«ያዝኩት።» እንደ ገንዘብ ደረት ኪሱን መታ አደረገ።

ጉደር

ከጌዶ ጉደር ቁልቁለት ነው፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ቶሌራ መኪና ውስጥ ካለ ደግሞ ቢደፈን ይሻላል። ስለ በሬው ለተሳፋሪው ሁሉ ተረከ። ጉደር ላይ መኪናው ጎማ ሊያስነፋ ሲቆም ወርቄ ከጤና ጣቢያው ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሻይ ቤት ድረስ መጣች። ነርስ ናት፤ ፕሮቴስታንት፤ የማታ ትምህርት አብረን ጀምረን እሷ ቀደመችኝ።

«ሙች፣ ምን ያደርግልሻል ሌላ?» አለችኝ ዳቦውን እየቆረሰች። «አስወጥተሽ በጌታ ስም ተገላገይ። ባዶውን ስፉት በያቸው።»

«ባዶ አልፈልግም።»

«ባል የለሽ፣ ምን የለሽ፤ ለማን ነው?»

«ጥርስሽን የምትቦርሺው ለማን ነው?»

ቶሌራን ሻዩ ትን አለው። ወርቄ ሳቀች፤ ግን አልተረታችም። መኪናው ሲነሣ በመስኮት በኩል እጄን ይዛ «በር ላይ እኔ ብቀመጥ ጥሩ ነበር» አለችኝ። እኔም በልቤ እንደዚያው አልኩ።

አምቦ

አምቦ ስንገባ ፀሐይዋ ገና ነበረች። ባጃጅ ይዘን ክሊኒኩ አጠገብ ካለ አልጋ ቤት ክፍል ያዝን። ቶሌራ ደም ሰጥቶ፣ ጥብስ በልቶ፣ አምቦ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ ሠርገኛ ተኛ። እኔ ያመጣሁትን መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ ላይ አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ መጣና በቀለም እስክርቢቶ ደረቴ ላይ መስመር አሰመረ። ያን ጊዜ ነቅቻለሁ፤ በደንብ ነቅቻለሁ፤ ይህ እንዲሰመርበት እፈልጋለሁ።

«ሁለት መቶ ሃያ አምስት፣ ዶክተር» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ዘነበች።»

«ቆዳው ላልቶ ቢያገኙትም።»

«ላልቶ ባገኘውም» አለ እየሳቀ። «መምህር ነሽ እንዴ?»

«የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሰው የጠየቀውን መጽሐፍ ነው የምሰጠው።»

ማደንዘዣው ከዚያ በኋላ መጣ።

ስነቃ ደረቴ ታስሮ፣ ከጎኔ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ አፌ እንደ ጭድ ደርቆ ነበር። ቶሌራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከቤት ያመጣውን ጭኮ፣ በቅቤ የታሸውን የገብስ በሶ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊቱ እንደ ዓውደ ዓመት በርቷል።

«ዘኔ! ነቃሽልኝ! ገላገልኩሽ እኮ!»

«ምን አደረግህ?» አልኩ። ድምፄ አልወጣም፤ ከንፈሬን አንብቦ ነው የመለሰልኝ።

«ሐኪሙ መሃል ላይ ወጣ። እኔ በድንጋጤ ሞተች ብዬ ተነሣሁ። የለም፣ ደህና ናት አለኝ። ‹ዕቃው ወጥቷል፤ ቆዳው ላልቷል፤ እሷ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ነው ያለችው፤ እኔ ሦስት መቶ ሃያ አምስት ይሻላታል እላለሁ። ቤተሰብ ምን ይላል?› አለኝ። እኔ ቁጥርሽን ይዤልሻለሁ አይደል? ሁለት መቶ ሃያ አምስት አልኩት! ድርቅ አልኩ! እሱም ድርቅ አለ። እንግዲህ አንቺ እዚያ ተከፍተሽ ተኝተሻል…»

«እና?»

«እና መሃል ላይ ግባ አልኩት። ሁለት መቶ ሰባ አምስት። ነጋዴ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይወርድም ነበር፤ ሐኪም ስለሆነ ቶሎ እሺ አለ። ልጨብጠው እጄን ስዘረጋ ጓንት አድርጌያለሁ ብሎ ሸሸ እንጂ፣ በራሱ ነቅንቆልኛል። ሃምሳ አስቀነስኩልሽ!»

አልጮህኩም፤ መጮህ አልችልም ነበር። ጭኮውን በማንኪያ ወደ አፌ ሲያመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሱ ሕመም ነው ብሎ ነርሷን ጠራ። ነርሷ የሕመም ማስታገሻ ወጋችኝ። አገሬ ላይ ሴት ስትናደድ የሚሰጣት መድኃኒት ይኸው ነው።

አንድ ሰው በወንድሜ ላይ ልቆጣ ሲገባኝ ለምን በሐኪሙ ላይ እንደምበስል ይጠይቀኝ ይሆናል። ቶሌራ የሚያውቀውን አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ቁጥር ሲሰማ መሃሉን ሲፈልግ ኖሯል፤ ሁለት መቶ ሃያ አምስትና ሦስት መቶ ሃያ አምስት ሲባል ጆሮው ውስጥ የገባው የበሬ ዋጋ ነው። ግን ያንን ሁለተኛ ቁጥር ማን ጠራው? ድርድር የሚጀመረው ሁለተኛ ቁጥር ሲጠራ ነው። የኔ ቁጥር ጠዋት አልቆ ነበር። የተማረ ሰው ጓንቱን እንዳጠለቀ ወጥቶ ኮሪደር ላይ ገበያ ከፈተበት።

ቱቦው እስኪወጣ አምቦ ሰነበትኩ። ቶሌራ ገበያው ስለጠራው ወደ ጌዶ ተመለሰ፤ ብቻዬን በመሆኔ ደስ አለኝ። ቀስ እያልኩ ከአልጋ ቤቱ እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ እሄድ ነበር፤ ክንዴን ሳላነሣ፣ በዝግታ፣ እንደ እርጉዝ። ሐኪሙ ሊያየኝ ሲመጣ ፋሻው ተፈታ። መስተዋት ሰጠኝ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ቅር የሚያሰኝ አልነበረም። ስፌቱ ያማረ፣ ቅርጹ የተስተካከለ፣ ትከሻዬም ቀለል ያለ። ይበልጥ ያበገነኝ ይህ ነው። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ የሚሰማኝ ሰው አገኝ ነበር።

«ወደድሽው?» አለኝ።

«ለምን ወንድሜን ጠየቁ?»

«ተኝተሽ ነበራ!»

«ጠዋት ነቅቼ ነበር።»

መስተዋቱን ሊቀበለኝ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ነርሷ ፋሻ መጠቅለሏን አቆመች።

«ቆዳው ከጠበቅሁት በላይ ላልቶ አገኘሁት» አለ። «ኃላፊነቱን ብቻዬን ልወስድ አልፈለግሁም። እኛ ጋ ሁልጊዜ ቤተሰብ እናማክራለን፤ በኋላ ጠብ እንዳይመጣ።»

«ከማን ጋር ጠብ እንዳይመጣ? ከኔ ጋር ከሆነ ይኸው መጣ።» ድምፄ እንደ ቤተ መጻሕፍት ዝግ ያለ ነበር፤ ሌላ ድምፅ የለኝም። «ላልቶ ቢያገኙትም ብዬ ነግሬዎታለሁ። ወንድሜ የሚያውቀው እኔ ከነገርኩት ውጪ ምን ነበር? ሁለት መቶ ሃያ አምስቱ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ቀርቶ ነው?»

 ዐይኑ ከበስተጀርባዬ ወዳለው መደርደሪያ ሄደ። ዞር ብዬ አየሁ። ሁለት ሳጥን፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ፣ በላዩ ላይ በእስክርቢቶ «ዘነበች» ተብሎ ተጽፎበታል። ስሜ በትክክል ተጽፏል፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም።

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?» አልኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁመቱ ከኔ ዝቅ አለ። «ቁስሉ ይዳን፤ ጥቂት ወራት ይለፉ» አለ። «ካልወደድሽው ያለ ክፍያ እቀይርልሻለሁ።»

«መውደድና አለመውደድ አይደለም፣ ዶክተር። ይሄንን አልመረጥኩትም። ያኛውን መርጬዋለሁ።»

«እሺ» አለ። ባለፈው የሳቀበት እሺ አይደለም። ነርሷን «ሳጥኖቹን ለብቻ አስቀምጪያቸው» አላት። እኔም «ስሜ እንዳይፋቅ» ብዬ ጨመርኩ።

መልስ

በመመለሻዬ ጉደር ወርጄ ወርቄ ስፌቱን አየችልኝ። ታሪኩን ስነግራት ጠረጴዛዋን በጡጫ መታች፤ ሐኪሙን ሰደበች፤ ቶሌራን ሰደበች። ልቤ ሞቀ። ከዚያ ፕላስተሩን እየለጠፈች፤

«እኔ በር ላይ ብኖር ኖሮ» አለች፣ «አንዱንም እንዳታስገባ፣ ባዶውን ስፋው ነበር የምለው!»

ቀና ብዬ አየኋት። የምሯን ነበር። ከሚወዱኝ ሰዎች መካከል ቁጥሬን እንዳለ የሚናገርልኝ አንድም አልነበረም ማለት ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ ነበር የሚጠብቀኝ።

«ደግሞ ለሃምሳ ሲሲ ድጋሚ አትቀደጂም» አለችኝ። «የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም።»

«አዎ፣ አይሞላም። ያችን የማትሞላውን ነው እናንተ ለሦስት የተሻማችሁብኝ።»

ወርቄ የተረፈውን ፕላስተር አስቀመጠች። እስከ መኪናው ሸኘችኝ፤ ቦርሳዬን እሷ ተሸከመች፤ ሌላ ምክር አልሰጠችኝም።

ከጉደር ወደ ጌዶ ዳገቱን ስንወጣ መስኮቱ ላይ ራሴን አስደግፌ አሰብኩ። ድጋሚ ማደንዘዣ፣ ድጋሚ ቱቦ፣ ድጋሚ ጀርባዬ ላይ ብቻ መተኛት። ፈራሁ። መፍራቴ ግን መጠኑን አልቀየረውም። ጌዶ ሲታየኝ ወስኜ ነበር።

ቶሌራ አሁንም ከብቶቹ መሃል ነው። ደላላው ኦቦ ዳባም አለ፤ ሌሎች ነጋዴዎችም። ቶሌራ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ዕቃው ዳነ?»

«ጡቴ ዳነ» አልኩት፣ ሰው እየሰማ። ፊቱ ቀላ። «ግን ተመልሼ እሄዳለሁ። ሁለት መቶ ሃያ አምስቱን አስገባለሁ። አንተም ትመጣለህ፤ ደም ትሰጣለህ፤ በር ላይ ትቀመጣለህ። ሐኪሙ ወጥቶ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?»

«ሁለት መቶ ሃያ አምስት እላለኋ!»

«ባለፈውም ብለህ ነበር።»

 ግዙፉ ወንድሜ እንደ ተማሪ ቆመ። «ታዲያ ምን ልበል፣ ዘኔ?»

«‹ጠዋት ነግራሃለች› በል። ከዚያ ቁጭ በል። እሱ ሌላ ቁጥር ቢጠራ አትስማ።»

«ጠዋት ነግራሃለች» አለ።

«ድገመው።»

«ጠዋት ነግራሃለች!» ነጋዴዎቹ ዞረው አዩን። ኦቦ ዳባ ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ድርድር የሚመስል ነገር ሰምቶ መቆም አልቻለም። እጁን እያሻሸ መጥቶ የኔንም የቶሌራንም እጅ ሊይዝ ዘረጋ።

«ሜ፣ እስቲ ንገሩኝ! በስንት ተለያያችሁ? መሃል ላይ ላግባችሁ!»

ቶሌራ እጁን ከኋላው ደበቀ። አገሬ ከገባሁ ጀምሮ ለዳባ እጁን ሲሰጥ አይቼዋለሁ፤ ሲደብቅ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ይቅር፣ ዳባ» አለው። «የሷ ቁርጥ ነው።»

እጃጂ ስደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ክንዴን ከፍ ማድረግ ስለተከለከልኩ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን መጻሕፍት ተማሪዎቹ ራሳቸው ያወርዱ ጀመር፤ ቦታቸውን አሳስተው ይመልሳሉ፤ እኔም ተቀምጬ እቆጣለሁ። እብጠቱ እስኪጠፋ ድረስ ታገሥኩ። እብጠት ነው እንዳልባል ጨምሬ ታገሥኩ። ከዚያ ሰማያዊውን ቀሚስ ለበስኩት። ዚፑ ከወገቤ ተነሥቶ ያለ ችግር ወጣና ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ወደ ኦቦ ገመቹ ሄድኩ፤ ቁልፍ የተቆረጠበት ሌላ ልብስ ነበረኝ። ሰማያዊውንም በፌስታል ውስጥ አይቶ አወጣውና በልምድ ዐይኑ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቀሚሱን አየ።

«ጠቦሻል» አለኝ፤ ሜትሩንም ከአንገቱ ሳበ። «ስፌት ትቼበታለሁ፤ አሁኑኑ ላስፋልሽ።»

«አይ፣ ኦቦ ገመቹ» አልኩት፤ አጥፌ መልሼ ፌስታሉ ውስጥ አስገባሁት። «ቀሚሱ ልክ ነው።»